ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም፦ አባባሉ ዋሽንግተን ላይ ይሠራል?

ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። ሰፈራችን ካለች ቡና ቤት ተሰብስበን የአሜሪካን ምርጫ ውጤት በቴሌቪዥን እናያለን። ድምፅ የተሰጠው ማክሰኞ ነው። እዚያ በምሥራቁ በኩል ጣቢያዎቹ መዘጋት ሲጀምሩ እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል፤ አንዳንዱ ሳይተኛ እንደመጣ ዓይኑ ይናገራል። ዶናልድ ትራምፕ ካማላ ሃሪስን ማሸነፋቸው ሲነገር ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል አልፏል። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ተነጫነጨ። ጥግ የተቀመጡት ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ "ምን ያንጫጫችኋል? ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም" ብለው ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

አባባሉን ሁላችንም እንላለን። ጉልቻውን ግን ስንቶቻችን አይተነዋል? በኤሌክትሪክ ምድጃና በጋዝ ያደገ ልጅ ቢጠየቅ ግራ ይገባዋል። ጉልቻ ድስት ወይም ምጣድ የሚጣድበት፣ እሳቱን ከቦ የሚቀመጥ ድንጋይ ነው። ሦስት ነው። በሁለት ድስቱ አይቆምም። ቃሉ "ጎለተ" ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ድስት ጎለተች ስንል ጣደች ማለታችን ነው። ሴቶች ሽንኩርትና ቲማቲም ደርድረው የሚሸጡበት "ጉልት" ደግሞ ዘመዱ ነው። ጎጆ የወጣ ሰው "ሦስት ጉልቻ መሠረተ" የሚባለውም ቤት ያለ ምድጃ ቤት ስላልሆነ ነው።

እንግዲህ የአባባሉ አገሩ ማድ ቤት ነው። ሽንኩርቱ በደንብ ካልተቁላላ፣ በርበሬው ካረረ፣ ቅቤው ከቆየ ወጡ አይጥምም። ባለሙያ ሴት ድንጋዩን አትወቅስም። እጁም፣ ድስቱም፣ ሽንኩርቱም ያው ከሆነ ከሥር ያለውን ድንጋይ ስትለዋውጥ ብትውል ምን ታመጣለህ? ነው ነገሩ። ከማድ ቤት ወጥታ ፖለቲካ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ሹም ተሽሮ ሹም ሲተካ ኑሮ ባለበት ሲቆም የምትባል ሆነች። ተስፋ የቆረጠ ሰው አነጋገር ናት። ትንሽም የብልጥ ሰው፤ እንዲህ ያለ ሰው ተሸወደ አይባልማ።

ጋሼ ዋሽንግተን ላይ መጥቀሳቸው ግን ትክክል ነው? በብዙ በኩል አዎ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሲቪል ሠራተኛ አለው። አዲስ ፕሬዚዳንት ሲገባ በሹመት የሚቀየረው ወደ 4,000 የሚሆን ወንበር ነው። ድስቱን የሚያማስሉት የቀሩት ናቸው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ያሸነፈ ፓርቲ ፖስታ ቤቱን ሳይቀር በራሱ ሰው ይሞላ ነበር። በ1881 እ.ኤ.አ. ሹመት ጠይቆ የተከለከለ ሰው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድን በጥይት መታቸው፤ ከወራት በኋላ ሞቱ። ሥራ በፈተና እንዲሆን ያስጀመረው የፔንድልተን ሕግ የወጣው በ1883 ነው። ለመንግሥት ሥራ ሲባል ሰው መሞት ነበረበት፣ ይገርማል።

ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሌላ ትላለች። "የእኔ ድምፅ ጉልቻውንም አይነቀንቀውም" ትለኛለች። ሜሪላንድ ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ድምጿን ሰጥታ አታውቅም። ከ50ዎቹ ግዛቶች በ48ቱ ደግሞ ብዙ ድምፅ ያገኘ፣ በግዛቱ ስም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን ወኪል መራጮች በሙሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። ከ538ቱ ወኪሎች 270 የሞላ ገባ። ስለዚህ ዕጩዎቹ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ወደማይታወቅባት ፔንሲልቬንያ ሲመላለሱ ይከርማሉ፣ እሷ ሰፈር ዝር አይሉም። ያም ሆኖ ተሰልፋ ትመርጣለች።

ወደ እኛ ስንመጣ ጋሼ የበለጠ ነጥብ ያገኛሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. የትራምፕ አስተዳደር በሕዳሴ ግድብ ድርድር ምክንያት ለኢትዮጵያ ከሚሰጠው እርዳታ ከፊሉን ያዘ። ባይደን ሲመጡ እርዳታውን ከግድቡ ጉዳይ ለዩት። እሰይ ተባለ። ከዚያ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት እኚሁ ባይደን ከ2022 የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ አስወጧት። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካ ገበያ ሸሚዝ ስትሰፋ ለነበረች ልጅ የቱ ጉልቻ ይሻላል?

እዚህ ላይ ግን ከጋሼ ጋር እንለያያለን። ዩኤስኤይድን፣ የአሜሪካን የውጭ እርዳታ መሥሪያ ቤት፣ ያቋቋሙት ጆን ኬኔዲ ናቸው፣ በ1961 እ.ኤ.አ.። ከእሳቸው እስከ ባይደን 12 ፕሬዚዳንቶች ተፈራርቀዋል፤ አንዱ ዴሞክራት፣ አንዱ ሪፐብሊካን። ድስቱ ግን አልወረደም። ሁለት እጆች የሚጨባበጡበት የዘይት ቆርቆሮ እኮ ባዶውን እንኳ እህል መስፈሪያ ሆኖ በየቤቱ ኖሯል። ከዚያ ከ12ቱ አንዱ ተመልሰው መጡ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ቀን፣ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ፈረሙ። ጁላይ 1 ላይ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተዘጋ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉት ዋና ተቀባዮች አንዷ ነበረች።

አባባሉ ጉልቻ ወጥ አያጣፍጥም ነው ያለው። አይደፋም አላለም።

አያቴ ገጠር ሳለች አንድ የፋሲካ ዋዜማ የዶሮ ወጡ ተጥዷል። ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ተሰንጥቆ ስለነበር ጠዋት ሌላ ድንጋይ አምጥተን ተክተናል። ለዓይን ያምር ነበር። ከሥሩ ግን ጠፍጣፋ አልነበረም። እንዳይነቃነቅ ገል ወትፋበት ነበር፣ ወደ ማታ ገሉ ተንሸራተተና ድስቱ ወደ አመዱ አጋደለ። ለሁለት ወር ከስጋና ከቅቤ ርቀን የጠበቅነው ወጥ ነው። አያቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። የቀረውን በሌላ ድስት ገለበጠች፣ ከዚያ ያን ድንጋይ በጨርቅ ይዛ ወጣችና በአጥሩ ላይ ወረወረችው።