ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የሚነገሩ ስህተቶች፦ ከወልዲያ መናኸሪያ

ወልዲያ መናኸሪያ ትኬት መቁረጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ከበሩ ሲገባ ያስታውቃል። ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ይዞራል። ከቤቱ ሲወጣ «ሰው አትመን» ተብሎ ነው የወጣው። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ መኪናውና ስለ ሹፌሩ ግን ማንም ምንም አልነገረውም። መንገድ ላይ ጉዳት ሲደርስ የማየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ በሦስቱ ነው።

«መንገድ ላይ ከማደር፣ መሽቶም ቢሆን ቤት መግባት ይሻላል» የሚለውን የማልሰማበት ቀን የለም። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ ሴት ልጆችን ለአደጋ እየዳረገ ያለ ምክር ስለሆነ። ወልዲያ መገናኛ ናት። ከደሴ የመጣው፣ ወደ ቆቦና አላማጣ የሚያልፈው፣ በጋሸና አድርጎ ላሊበላ ወይም ደብረ ታቦር የሚገባው እዚህ መኪና ይቀይራል። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይደርስና «የላሊበላ መኪና አለ?» ይለኛል። ወጥቷል፣ ነገ በጠዋት ነው ስለው ፊቱ ይለዋወጣል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ እናቷ በስልክ ናት፤ «አልጋ ቤት እንዳታድሪ፣ እንደምንም ብለሽ ዛሬ ግቢ!» ስትል እኔም እሰማታለሁ። ጭንቀቷ ይገባኛል፤ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ስሌቷ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

እስቲ እናስላው። እኛ አገር ክረምት ከበጋ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ይጨልማል። በ10 ሰዓት ከወልዲያ የተነሳ መኪና ጋሸና አካባቢ ይመሽበታል። ወልዲያ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጋሸና ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። መሀል ያለው ዳገትና ጠመዝማዛ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ የፊት መብራት የማይበሳው ይሆናል። መኪና ቢበላሽ ጋራዥ የለም፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በዚህ ዘመን በእኛ አካባቢ መንገድ ድንገት ሊዘጋ፣ ኬላ ላይም ሊታገድ ይችላል። በጨለማ የሚሄድ መኪና ደግሞ ለሁሉም አጠራጣሪ ነው።

ሌላው ነገር በዚያ ሰዓት የሚገኘው መኪና የትኛው ነው የሚለው ነው። ስምሪት የያዙት ወጥተዋል። የቀረው ከመናኸሪያው ውጭ፣ አስፋልት ዳር የሚጭነው ነው። ደላላው «አብሽሪ፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን፣ እናደርስሻለን» ይላል። ከመናኸሪያ የሚወጣ መኪና መውጫ ይቆረጥለታል፤ ታርጋው፣ ሹፌሩ፣ የሚሄድበት ቦታ ይመዘገባል። አንድ ነገር ቢፈጠር የትኛው መኪና እንደሆነ እናውቃለን። ውጭ የጫነውን ግን የመዘገበው የለም። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ከዚህ የበለጠ አደጋ አላውቅም፤ ጠፋ ቢባል ፍለጋው የሚጀመርበት ጫፍ የለም።

ዓምና ክረምት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «እትዬ፣ ማታ 2 ሰዓት ላሊበላ እንገባለን ብሎኛል» አለች፤ እደሪ ብዬ ብለምናት እምቢ አለችኝ። መኪናው ወደ ጋሸና መንገድ ላይ ካለችው ድልብ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ጎማ ፈነዳበት፤ ተቀያሪ ጎማ አልነበረውም። በስስ ሹራብ፣ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር፣ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ መኪና ውስጥ አነጋች። ቤተሰቦቿ ሌሊቱን ሙሉ ለመናኸሪያው ጥበቃ ሲደውሉ አደሩ። ሰውየው ምን ይበላቸው? በሰላም ገባች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በዚያው ቀን የእኔን ምክር ሰምታ አልጋ የያዘችው ሌላዋ ልጅ በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ሄዳ ከምሳ በፊት ከላሊበላ ደወለችልኝ።

ስለዚህ እደሩ። ግን እንዴት እንደምታድሩ እወቁ። አልጋውን ፀሐይ ሳለ ያዙ። ለደላላ ሳይሆን ለትኬት ክፍል ወይም ለመናኸሪያው ጥበቃ ጠይቁ፤ የትኛው ቤት ጸጥታ እንዳለው እናውቃለን። ሳትከፍሉ ክፍሉን እዩ። ቁልፉን ራሳችሁ ቆልፋችሁ ክፈቱት፣ ከውስጥ መወርወሪያ መኖሩን በእጃችሁ አረጋግጡ፣ መስኮቱን ግፉት። መወርወሪያ ከሌለው ክፍል ይቀየርላችሁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ከሥሩ መጠጥ ቤት ካለ ተውት። መታወቂያ አሳይታችሁ መመዝገብ ለእናንተ ጥበቃ ነው፣ መዝገብ የማይጠይቅ ቤት ነው የሚያስጠረጥረው። የክፍላችሁን ቁጥር ሰው ፊት አትጥሩ። «ብቻሽን ነሽ?» ለሚል ሁሉ እውነቱን የመናገር ዕዳ የለባችሁም፤ «ወንድሜ እየመጣ ነው» በቂ ነው። ማታ በር ቢንኳኳ ሳትከፍቱ «ማነው?» በሉ፤ ሠራተኛ ነኝ ካለም ነገ ይምጣ። ጠዋት በጨለማ መንገድ ላይ ባጃጅ አትፈልጉ። ማታውኑ ለአልጋ ቤቱ ዘበኛ ነግራችሁ የሚያውቀውን ባጃጅ ይጥራላችሁ፣ የጎን ቁጥሩን ለቤተሰብ ላኩ።

«ጫት የቃመ ሹፌር አይተኛም» ይባላል፤ ሹፌሮቹም ያምኑታል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍን ለጊዜው ያባርራል እንጂ ያልተኛውን እንቅልፍ አይመልስም። ምርቃናው እስካለ ሹፌሩ ካቅሙ በላይ ይተማመናል፣ ይፈጥናል፤ ሲበርድ ደግሞ ድካሙ በአንዴ ይከመርበታል። ከመሳፈራችሁ በፊት «ሌሊት ነድተህ ነው የመጣኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ዓይኑ ከቀላ ወይም ረዳቱ ከተሳቀቀ ቀጣዩን ጠብቁ። ገንዘባችንን መልሱ ካላችሁን እንመልሳለን።

«ጋቢና ለሴት ይሻላል።» ቀበቶው የሚሠራ ከሆነ ብቻ። ቀበቶ ፊት የተቀመጠን ሰው የመሞት ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ማቆላለፊያው ተነቅሎ ወንበር ሥር የተወተፈ ከሆነ ከኋላ ተቀመጡ።

«ከማንም ጋር አታውሩ» የሚለውም ስህተት ነው። ከማን ጋር የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ልጅ ያዘለች እናት ወይም አንድ አዛውንት አጠገብ ቁጭ በሉና «እናቴ፣ ወዴት ነዎት?» ብላችሁ ጀምሩ። የወሎ እናት አንዴ ካወራችኋት እስክትወርዱ ድረስ እንደ ልጇ ትጠብቃችኋለች፤ ረዳቱ ትርፍ ሲጠይቃችሁ ከእናንተ ቀድማ የምትጮኸውም እሷ ናት። የት እንደምታድሩ ደጋግሞ ለሚጠይቅ ጎልማሳ ግን መልስ አትስጡ። የተከፈተ መጠጥ ቢሰጧችሁ «ጨጓራዬን ያመኛል» ብላችሁ እለፉ።

«ፌስቡክ ላይ መንገዱ ክፍት ነው ተብሏል።» ያ የትናንት ወሬ ነው። ዛሬ ከዚያ የመጣውን ሹፌር ጠይቁ።

«ቴሌብር ካለኝ ጥሬ ገንዘብ አያስፈልገኝም።» በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ያለ ኔትወርክ ግን አይሠራም። የአንድ ቀን አልጋና ምግብ የሚሆን ብር ከቦርሳችሁ ለይታችሁ ያዙ።

«የግሸን ማርያምና የገና ሰሞን ሰው ስለሚበዛ ያስተማምናል» ለሚሉ፦ ኪስ አውላቂውም የሚመጣው ያኔ ነው፣ አልጋም አይገኝም። መስከረም 21ን ወይም ታኅሣሥ 29ን አስባችሁ የምትወጡ ማደሪያችሁን ቀድማችሁ ጨርሱ።

«ዝናብ ከሌለ ወንዙ አይሞላም።» ቆቦ ላይ ፀሐይ እየወጣ ሆርማትና ጎሊና ሊሞሉ ይችላሉ፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ ተራራው ላይ ነው። ከጉልበት በታች የሆነ ፈጣን ውሃም ሰው ይጥላል። ሹፌሩ «እናልፋለን» ካለ ውረዱ፣ ሌሎቹም ተከትለዋችሁ ይወርዳሉ።

«ወሎ ደጋ ነው፣ ወባ የለም» ማለትስ? ደሴ ያደረ ሰው እውነት ሊመስለው ይችላል። ቆቦ፣ ባቲ፣ ከሚሴ ወባ አለ። እዚያ ያደረ አጎበር ይጠይቅ፤ ቤቱ ገብቶ እስከ ሳምንታት ድረስ ትኩሳት ከያዘው ጉንፋን ነው ብሎ አይተኛ፣ ደሙን ይመርመርና የት እንዳደረ ለሐኪሙ ይንገር።

ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አንስታችሁ ለአንድ ሰው ላኩ። «ሹፌሩ ይቆጣል» የምትሉኝ አላችሁ። በደንብ የሚነዳ ሹፌር አይቆጣም፤ ከተቆጣ እኔ ጋ ተመለሱ፣ ሌላ መኪና አሳፍራችኋለሁ።