«ዝም ብለህ ፎርማት አድርገው» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለጠፋ ኢሜይል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ደንበኛ ማሽኑን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ገና ችግሩን ሳይነግረኝ መፍትሔውን ይነግረኛል። «ወንድሜ፣ ዝም ብለህ ፎርማት አድርገው።» ኢሜይልዎስ? ስል መልሱ አንድ ነው። «እሱ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ምን ይሆናል?» ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ደግሞ «11 ጫንልኝ» የሚለው ስለበዛ፣ ይቺን መልስ ቶሎ ቶሎ እሰማታለሁ። ሰልችታኛለች። የዓመታት ደብዳቤ ያስበላችበትን ሰው ስለማውቅ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«ኢሜይል ሁሌም ኢንተርኔት ላይ ነው»

ጂሜይሉን በክሮም ከፍቶ ለሚያነብ ሰው እውነት ነው። መልእክቶቹ ያሉት ጉግል ጋ ነው። ኮምፒውተሩ ቢቃጠል እንኳ በስልኩ ገብቶ ያገኛቸዋል።

አውትሉክ ወይም ተንደርበርድ የሚባሉትን ኮምፒውተር ላይ የሚጫኑ የኢሜይል ፕሮግራሞች ለሚጠቀም ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የድርጅት ኢሜይል ያላቸው አስመጪዎች፣ ትራንዚተሮች፣ የሒሳብ ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ድሮ ሌላ ሰው አስተካክሎላቸው የሄደውን ነው። በምን መንገድ እንደተገናኘ አያውቁም። መንገዱ ደግሞ ሁሉንም ነገር ይወስናል፤ የተለመዱት አይማፕ (IMAP) እና ፖፕ (POP) ናቸው። በአይማፕ ከሆነ መልእክቱ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ኢሜይሉን በሚያስተናግደው ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ላይ፣ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ ቅጂውን ነው። በፖፕ ከሆነ ግን መልእክቱ ወደ ኮምፒውተሩ ይወርድና፣ ቅጂው ሰርቨር ላይ ይቆይ ካልተባለ ከዚያ ይጠፋል። አውትሉክ ላይ የተለመደው አሠራር ቅጂውን ለ14 ቀን ብቻ ማቆየት ነው። የላካችኋቸው መልእክቶች ደግሞ በፖፕ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨር ላይ አይቀመጡም። ያሉት እናንተው ማሽን ውስጥ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ ትራንዚተር ዴስክቶፓቸውን በባጃጅ ጭነው መጡ። ልጃቸው ማሽኑ ተንቀራፈፈ ብሎ ሌላ ቦታ ፎርማት አስደርጎላቸዋል። ፍጥነቱ ተስተካክሏል፤ አውትሉኩ ግን ባዶ ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ስገባ ያገኘሁት የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ብቻ ነበር። ጋሼ የፈለጉት ደግሞ ከአንድ የድሮ ደንበኛቸው ጋር የተጻጻፉትን ነው። ሰውየው የጂቡቲ ወደብ የኮንቴይነር ክፍያ አልተነገረኝም ብሎ ይከራከራቸዋል።

ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ሌላ ማሽን ላይ ሰካሁት። ከብዙ ፍለጋ በኋላ የተጎዳ የአውትሉክ ፋይል ተገኘ። ከራሱ ከአውትሉክ ጋር የሚመጣው ስካንፒኤስቲ የሚባል መጠገኛ አለ፤ በእሱ ጠገንኩት። መጠገኛው ቦታቸው የጠፋባቸውን መልእክቶች «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» የሚል ፎልደር ውስጥ ይከምራቸዋል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። የመልእክቶቹን ርዕስ አንድ በአንድ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ ወደ ታች አወርዳለሁ። የድሮዎቹ ብዙዎቹ ወጡ። ያ ደብዳቤ ግን የለም። አዲሱ ዊንዶውስና ኦፊስ የተጫኑት እዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ፣ የተጻፈበትን ቦታ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ስለዚህ ማሽን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። አውትሉክን ዝጉና ዶክመንትስ ውስጥ «አውትሉክ ፋይልስ» የሚለውን ፎልደር ፈልጉ። መጨረሻው ፒኤስቲ (.pst) የሚል ፋይል ካለ ደብዳቤያችሁ እሱ ነው። እዚያ ካላገኛችሁት በኮምፒውተሩ ሙሉ ፈልጉት፤ አንዳንዴ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይገኛል። ኦኤስቲ (.ost) የሚለው ግን የሰርቨሩ ቅጂ ስለሆነ፣ እሱን ገልብጦ ሌላ ማሽን ላይ መክፈት አይቻልም። ተንደርበርድ ከሆነ፣ አፕዳታ (AppData) በሚባለው የተደበቀ ፎልደር፣ ሮሚንግ (Roaming) ውስጥ አለ፤ የተንደርበርድን ፎልደር እንዳለ ገልብጡ። የምትገለብጡት ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ወይም ወደ ፍላሽ ይሁን። «ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ» አይበቃም። ሲ ድራይቭም ዲ ድራይቭም ብዙ ጊዜ የአንድ ዲስክ ክፍሎች ናቸው፤ ሲሞት አብረው ይሞታሉ። ከገለበጣችሁ በኋላ ደግሞ ቅጂውን ሌላ ማሽን ላይ ከፍታችሁ እዩት። ያልተከፈተ ባክአፕን አትመኑ።

«ፎርማት ከተደረገ አለቀ»

ይሄም ስህተት ነው። ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ይህ ግን ለድሮው ሃርድ ዲስክ ነው። አዳዲስ ማሽኖች ውስጥ ባለው ኤስኤስዲ (SSD) በሚባለው ፈጣን ዲስክ ላይ ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ቶሎ ስለሚያጸዳው ተስፋው በጣም አነስተኛ ነው።

በሁለቱም ቢሆን መጀመሪያ ማሽኑን አጥፉት። መመለሻ ሶፍትዌር አውርዶ እዚያው ዲስክ ላይ መጫን የሚፈለገውን ነገር በራስ እጅ መደምሰስ ነው። በየሳምንቱ የማየው ስህተት ይሄ ነው።

«ስልኬም ላይ ስላለ ባክአፕ አለኝ»

የላችሁም። አይማፕ ሁሉንም ቦታ እኩል ያደርጋል። ስልክ ላይ ያጠፋችሁት ኮምፒውተሩም ላይ ይጠፋል።

«ኢንቦክስ ውስጥ ከሌለ ተሰርዟል»

ከኮዬ ፈጬ የመጡ አንዲት መምህርት የትምህርት ማስረጃቸው የተላከበት መልእክት ጠፋብኝ ብለው በጣም ተጨንቀው ነበር። ስልካቸው ላይ በጣት ወደ ጎን ሲገፉት አርካይቭ ተደርጓል፣ ማለትም ከኢንቦክስ ወጥቶ ተቀምጧል እንጂ አልተሰረዘም። ጂሜይል ላይ «ኦል ሜይል» ውስጥ ገብታችሁ የላኪውን ስም ፈልጉ። ከዚያ ትራሽንና ስፓምን እዩ፤ እዚያ የሚቆየው ግን 30 ቀን ብቻ ነውና አትዘግዩ። ተንደርበርድ ላይ ደግሞ ያጠፋችሁት መልእክት «ኮምፓክት» (የጠፉትን አውጥቶ ፋይሉን የሚያሳንሰው ትእዛዝ) እስኪደረግ ፋይሉ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ያቺን ነገር አትንኩ።

«መብራት ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ይጎዳል እንጂ ኢሜይሉ ምን ይሆናል?»

አውትሉክ ተከፍቶ እያለ መብራት ድርግም ካለ የፒኤስቲ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በእኛ ሰፈር መብራት ሄዶ መምጣቱን ማንም ያውቀዋል። ዴስክቶፕ ያለው ሰው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ይግዛ።

«ቴሌግራም ላይ የተዘጋ ጂሜይል የሚመልሱ ልጆች አሉ»

እባካችሁ! የሚጠይቋችሁ በስልካችሁ የሚመጣውን ኮድ ነው። ኮዱን ስትሰጧቸው አካውንቱን ሰጣችኋቸው። የጉግልን በር ከውስጥ የሚከፍት የሰፈር ልጅ የለም። ትክክለኛው መንገድ የጉግል የራሱ መመለሻ ገጽ ነው። እሱንም ከዚህ በፊት በምትገቡበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ፣ በለመዳችሁት ቦታ ሆናችሁ ሞክሩ። ሲም ካርድ ከጠፋባችሁ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ያንኑ ቁጥር አስወጡ። የተዋችሁት ቁጥር ግን ውሎ አድሮ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ኮዱም ለእሱ ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ጋ ነው።

አካውንቱ አሁን ክፍት ከሆነላችሁ የደኅንነት ገጹን ክፈቱና የተመዘገበውን ስልክ ቁጥር እዩ። የማትጠቀሙበት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ካበራችሁ ጉግል 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣችኋል፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤት ካርታችሁ ጋር አስቀምጡ። ለልጅ ወይም ለድሮ ሥራ የከፈታችሁት ሌላ ጂሜይል ካለም አልፎ አልፎ ግቡበት። 2 ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካውን የግል አካውንት ጉግል ከነመልእክቱ ሊሰርዘው ይችላል።