በማይቶኮንድሪያ ውስጥ የተረፈ ፔፕታይድ አወጋገድ

የሰው ማይቶኮንድሪያ (በህዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ከአንድ ሺህ በላይ ዓይነት ፕሮቲኖች ቢኖሩትም በራሱ ዲኤንኤ የሚሠራቸው 13ቱን ብቻ ነው፤ የቀሩት በህዋሱ አስኳል ባለው ዲኤንኤ መሠረት ውጭ ተሠርተው ይገባሉ። ከሚገቡት ብዙዎቹ ከፊታቸው መንገድ የሚመራቸው አጭር የአሚኖ አሲድ ጫፍ አለ። ፕሮቲኑ ማትሪክስ በተባለው የውስጠኛ ክፍል ሲደርስ ኤምፒፒ የሚባለው ኢንዛይም ጫፉን ይቆርጠዋል፤ ፕሮቲኑ ወደ ሥራው ሲሄድ ቁራጩ፣ ማለትም ፔፕታይድ የሚባለው አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት፣ እዚያው ይቀራል።

ቁራጩ እንዲሁ ሊተው አይችልም። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው፣ አንድ ጎኑ ከውሃ ሌላው ጎኑ ከስብ ጋር የሚስማማ ስለሆነ በውስጠኛው ሽፋን ላይ እየተለጠፈ ሽፋኑን ያሳሳል፤ የህዋሱ ኃይል ተሸካሚ የሆነው ኤቲፒ የሚመረትበትን የኤሌክትሪክ ልዩነትም ያወርዳል።

ይህን የሚያስወግደው ዋናው ኢንዛይም ፕሪፕ ሲሆን፣ በስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ የኤልዝቢዬታ ግላዘር ቡድን ከድንች ማይቶኮንድሪያ ለይቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጎታል። በ2006 የታየው ቅርጹ አሠራሩን ግልጽ አደረገው፦ ሁለት ግማሾች በማጠፊያ ተያይዘው በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት አለ፤ ፔፕታይዱ ሲገባ ግማሾቹ ይገጥማሉ፣ በውስጡ ያለው ዚንክም በመቁረጡ ሥራ ይረዳል። ከ10 እስከ 65 አሚኖ አሲድ የሚደርሱ ፔፕታይዶችን ሲቆራርጥ፣ ተጣጥፈው ቅርጽ የያዙ ፕሮቲኖች ግን ስለማይገቡለት አይነኩም። ሎንን ከመሳሰሉት ትልልቅ ፕሮቲን ቆራጮች በተለየ ለዚህ ሥራው ኤቲፒ አይፈጅም። ያጠሩትን ቁርጥራጮች በዕፅዋት ኦኦፒ የተባለ ሌላ ኢንዛይም፣ በመጨረሻም አሚኖፔፕቲዴዞች የሚባሉ ኢንዛይሞች ተቀብለው ወደ ነጠላ አሚኖ አሲድ ይመልሷቸዋል።

በእኔ እይታ የዚህ ሥርዓት ትልቁ ቁም ነገር ሲታወክ የሚታየው ነው። የሰው ፕሪፕ በአልዛይመር በሽታ የሚታወቀውን አሚሎይድ ቤታ የተባለ ፔፕታይድም መቁረጥ ይችላል፤ ሆኖም በ2014 በእርሾና በአይጥ አንጎል የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አሚሎይድ ቤታ ሲበዛ የፕሪፕን ሥራ ያጓትታል፣ ያልተወገዱት ጫፎችም ተመልሰው ኤምፒፒን ስለሚያግዱ አዲስ የሚገቡት ፕሮቲኖች ሳይቆረጡ ይከማቻሉ። በ2016 ደግሞ ኢንዛይሙን በሚሠራው ፒትረም1 ጂን ላይ ለውጥ የተገኘባቸው የአንድ ኖርዌያዊ ቤተሰብ አባላት የአካል ሚዛን መዛባትና የአእምሮ ችሎታ መድከም በዝግታ እየባሰባቸው እንደሚሄድ ተዘግቧል።