የአማራ ክልል የፍትሕና የማረሚያ ቤቶች በጀት

በአማራ ክልል ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለፍርድ ቤቶችና ለማረሚያ ቤቶች የሚውለው ገንዘብ የሚጸድቀው ባሕር ዳር ላይ በሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤት ሲሆን፣ የበጀት ዓመቱ እንደ ፌዴራል መንግሥቱ ሁሉ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይቆጠራል። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ አንቀጽ 52 ክልሎች በጀታቸውን እንዲያወጡና የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ይፈቅዳል፣ አንቀጽ 79 ደግሞ የክልል ፍርድ ቤቶችን በጀት የየክልሉ ምክር ቤት እንዲመድብ ይደነግጋል። ፖሊስ ኮሚሽን፣ ፍትሕ ቢሮ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው በጀት አላቸው። ፖሊስ የያዘውን፣ ዐቃቤ ሕግ የከሰሰውን፣ ዳኛ የፈረደበትን ሰው የሚቀልበው አራተኛው መሥሪያ ቤት ነው፤ የዚህ በጀት ትልቁ ችግር የሚጀምረውም ከዚህ ይመስላል፤ ወጪውን የሚያስከትለው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው ነውና።

መንግሥት ለእስረኛ ወጪ ማውጣቱ በአገሩ የቆየ ልማድ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው እስከ ፍርዱ ድረስ አብረው ይቆዩ ስለነበር ጥበቃውም ስንቁም የባለጉዳዮቹ ዕዳ ነበር፤ ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ» የምንለውም ከዚያ የቀረ ነው። «ወህኒ» የሚለው ስም ከጣና በስተሰሜን ምሥራቅ ካለው፣ የጎንደር ነገሥታት ዘውድ ሊሹ የሚችሉ ዘመዶቻቸውን ያኖሩበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ጋር ይያያዛል። «ማረሚያ ቤት» የሚለው የኋለኛው ስያሜ ግን የወጪ ግዴታም ይዞ መጥቷል፤ ለማሰር ግንብና ዘብ ሊበቃ ይችላል፣ ለማረም ግን አስተማሪ፣ የሙያ ሥልጠና፣ ሐኪምና መድኃኒት ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ክልሉ ራሱ ከሚሰበስበው ግብርና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ከሚከፋፈለው የፌዴራል ድጎማ ይገኛል። ድጎማው ለተለየ ዓላማ ታጥሮ ስለማይሰጥ ማረሚያ ቤት ከትምህርት፣ ከጤናና ከመንገድ ጋር ይሻማል፤ መንገድ የሚጠይቅ ወረዳ ሞልቶ ሳለ ለታራሚ ቀለብ ጮኾ የሚከራከር ተመራጭ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንድ ተጨማሪ ምንጭም በሕግ ተቀምጧል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን፣ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤትም የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው ይሠራሉ፤ ስለዚህ ባሕር ዳር ውስጥ ሐሰተኛ ብር ሲያዘዋውር የተያዘ ሰው የፌዴራል ወንጀል ቢፈጽምም በክልሉ ዳኞች ይዳኛል። ለዚህ ሥራ የተወካዮች ምክር ቤት ማካካሻ በጀት እንዲመድብ ሕገ መንግሥቱ ያዛል። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 322 በአፋር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በሶማሌና በቀድሞው ደቡብ ክልል የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ሲወሰን የአማራ ክልል ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

በማረሚያ ቤት በጀት ውስጥ ደመወዝ በሠራተኛ ቁጥር ልክ አስቀድሞ ይታወቃል። አስቸጋሪው ቀለብ ነው። ቀለብ ለአንድ ሰው በቀን በሚታሰብ ገንዘብ ተሰልቶ በታራሚ ቁጥር ስለሚባዛ፣ 1,000 ታራሚ ባለበት ግቢ በቀን አንድ ብር ብቻ ቢጨመር በዓመት 365,000 ብር ይሆናል። የእህል ዋጋም የታራሚ ቁጥርም ሐምሌ ላይ በተጻፈው አኃዝ አይገዙም። እህል ርካሽ የሚሆነው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ገንዘቡ በየወሩ ተቆራርጦ የሚለቀቅ ከሆነ ግን ማረሚያ ቤቱ የዓመቱን ጤፍና በቆሎ በዚያ ወቅት አከማችቶ መግዛት አይችልም፣ ክረምት ላይም እህሉን በተወደደ የገበያ ዋጋ ለመግዛት ይገደዳል። ለማገዶ፣ ለውኃና ለሕክምና የሚተርፈው ከዚህ በኋላ ነው።

የታራሚውን ቁጥር የሚወስነው ደግሞ ማረሚያ ቤቱ አይደለም። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ቀጠሮው በተደጋገመ ቁጥር ግን ተጠርጣሪው የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ ወጪውም አብሮ ያድጋል። ምርመራው የሚዘገየው አንዳንዴ በጥቃቅን ነገር ነው። በጣና ላይ ደቅ ደሴት ለተፈጸመ ወንጀል መርማሪው ጀልባ፣ ጀልባው ነዳጅ፣ ምስክሩም መጓጓዣ ይፈልጋሉ፤ ከፖሊስ ሥራ ማስኬጃ የተቆጠበው ነዳጅ በሌላ በኩል የሰው ቀለብ ሆኖ ይወጣል። በተቃራኒው የመጨረሻ ውሳኔ የሕግ ስህተት አለበት ሲባል የሚያየው የፌዴራል ሰበር ችሎት በፕላዝማ፣ ማለትም በርቀት በቪዲዮ፣ ሲያከራክር ባለጉዳዩን ግማሽ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆነው የአዲስ አበባ መንገድ ያድነዋል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የፈጸመ ታራሚ በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል፤ አመክሮና ይቅርታ በምሕረት ቋንቋ ቢነገሩም ለበጀት ክፍሉ ቀለብ የሚቀንሱ ውሳኔዎች ናቸው።

ያልታቀደ እስራት ሲመጣ ስሌቱ ሁሉ ይፋለሳል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው አዲሱ የበጀት ዓመት በገባ በ28ኛው ቀን ነበር፤ እንዲህ ያለው ጊዜ የሚታሰረውን ሰው ሲያበዛ መንገድ በመዝጋትና ንግድ በማቀዝቀዝ የግብር ገቢውንም ያሳንሳል፤ መውጫው ተጨማሪ በጀት ማጽደቅ ወይም ከሌላ ርዕስ አዛውሮ መክፈል ብቻ ይሆናል።

ጉድለቱን በከፊል የሚሞሉት ታራሚዎቹ በሽመና፣ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ የሚያስገኙት የውስጥ ገቢና ቤተሰብ የሚያመጣው ስንቅ ናቸው። ከእናቱ ጋር የሚቆይ ሕፃን ተፈርዶበት ስላልገባ የራሱ ቀለብ ካልተመደበለት ከእናቱ ድርሻ ይካፈላል። ስንቅ በየትኛውም የበጀት ርዕስ ሥር አይመዘገብም፤ ከደንቢያ ወይም ከፎገራ ተነሥታ ባሕር ዳር የምትመጣ እናት የከፈለችው የመኪና ዋጋ፣ የጋገረችው እንጀራና የዋለችበት የሥራ ቀን የእስራቱ ወጪ ቢሆኑም ዋና ኦዲተር በሚመረምረው ሒሳብ ውስጥ አይገቡም።