ድራይቨር ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ውስጥ «ድራይቨር» ብትሉ ብዙ ሰው የሚመጣለት የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ደረቅ ወደብ ያለበት ከተማ ነውና አይፈረድበትም። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ፒያሳ ስትደርሱ ግን የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ደጃፍ ላይ ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው። «ድራይቨር አልያዘም።» «ድራይቨሩ ጠፍቷል።» «ፎርማቱ አልቋል፣ ድራይቨር ብቻ ነው የቀረው።» ባለ ኮምፒውተሩ እሺ ብሎ ይከፍላል። ምን እንደተጫነለት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ክርክር ነው። ክረምት ነበር። ጦሳ በጉም ተሸፍኗል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኛም አንድ ጥገና ቤት ተጠልለናል። አንዲት እናት የልጃቸውን ላፕቶፕ ይዘው መጥተዋል። ፎርማት ከተደረገ ወዲህ ዋይፋይ የሚባል ነገር የለውም። አጠገቤ የቆመ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ቢጫንበት ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር» አለ። ባለሙያው ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «አንተስ ሊኑክስ ጭነህ ድምፅ እምቢ አለኝ ብለህ ስንቴ ነው የመጣኸው?» ከዚያ በኋላ ማን ያስታርቃቸው! አንዱ ስለ ነፃነት ይናገራል፣ ሌላው ስለሚሠራ ዕቃ። እናትየው ትንሽ ታገሡና «ልጆቼ፣ ጠቡ ይቆያችሁ። ይሄ ድራይቨር የምትሉት ምንድን ነው?» አሉ።

ባለሙያው አሰብ አደረገ። «እማማ፣ ኮምፒውተሩና ዕቃው በአንድ ቋንቋ አይነጋገሩም። መሀል ገብቶ የሚያግባባቸው ፕሮግራም ነው።»

«እንግዲያው የባቲ አስተርጓሚ ነው በለኛ!»

ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ባቲ የሰኞ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ከደጋ የወረደው አማርኛ ይናገራል። ግመል ነድቶ የመጣው አፋርኛ ይናገራል። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው መሀል ካልቆመ፣ ገንዘቡም ግመሉም እያሉ ገበያው አይቆምም። ድራይቨርም እንደዚሁ ነው። በአንድ ወገን ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አለ፣ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ። በሌላ ወገን ዕቃው አለ፣ ፕሪንተር፣ ካሜራ፣ የዋይፋይ ካርድ፣ የድምፅ ካርድ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ «ይህን ገጽ አትም» ይላል። ፕሪንተሩ የሚገባው ግን ፋብሪካው የሰጠው የራሱ የቁጥር ቋንቋ ብቻ ነው። ቋንቋው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። በአንድ ፋብሪካ ውስጥም ሞዴል ሲቀየር ይቀየራል።

ስለዚህ «ዋይፋዩ ተበላሽቷል» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ። ካርዱ ደህና ሆኖ አስተርጓሚ አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያው ያሳየንን ላሳያችሁ። ዊንዶውስ ላይ የዕቃዎቹን ዝርዝር የሚያሳየውን ዲቫይስ ማናጀር ክፈቱ። አስተርጓሚ ያጣው ዕቃ አጠገብ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ታያላችሁ፣ መሀሉ ላይ ቃለ አጋኖ አለበት። እሱን ከፍታችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ስትገቡ የዕቃውን መለያ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ የሚመጣው የፋብሪካው ቁጥር ነው፣ ቀጥሎ የሞዴሉ። የፋብሪካው ቁጥር 8086 ከሆነ ዕቃው የኢንቴል ነው። ኩባንያው በ1978 ባወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰሩ ስም የያዘው ቁጥር ነው። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኮምፒውተሩ ሲነሳ እነዚህን ቁጥሮች ያነብና «ይህን ቋንቋ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ካሉት ድራይቨሮች መሀል ይፈልጋል። ካገኘ ሥራ ይጀመራል። ካጣ ዕቃው «ያልታወቀ» ተብሎ ይቀመጣል። አንድ ጥገና ቤት ሲጨነቅ የዋለበት ነገር ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ቁጥር ላይ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ብዙው ድራይቨር የሚሠራው ከርነል በሚባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ልብ ውስጥ ነው። እዚያ የገባ ስህተት ማሽኑን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። በሐምሌ 19 ቀን 2024 የሆነውን ታስታውሱታላችሁ። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ የላከውን የተበላሸ ማሻሻያ የኩባንያው የከርነል ድራይቨር ሲያነብ፣ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖች ሰማያዊ ገጽ ላይ ቀሩ። አውሮፕላን ቆመ፣ ሆስፒታል ተቸገረ። አስተርጓሚ ተራ ሠራተኛ አይደለም። የቤቱ ቁልፍ ያለው ሰው ነው።

ጠቡ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ቁልፍ የያዘውን ሰው ማን ያውቀዋል? የሚናገረውንስ ማን ይሰማል?

ድራይቨር እንደ ማንኛውም ፕሮግራም መጀመሪያ ሰው በሚያነበው መልክ ይጻፋል። ይህ ሶርስ ኮድ ይባላል። ከዚያ ማሽኑ ወደሚገባው መልክ ይቀየራል። ዝግ ድራይቨር የሚባለው ኩባንያው ሁለተኛውን ብቻ ሰጥቶ የመጀመሪያውን ሲደብቅ ነው። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ሁለቱንም ሲሰጥ፣ ማንበብና ማስተካከልም ሲፈቅድ ነው።

ይህ እሰጥ አገባ የቆየ ነው፤ የጀመረውም በፕሪንተር ነው። በ1980 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ የሚገኘው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ከዜሮክስ ሌዘር ፕሪንተር በስጦታ አገኘ። እዚያ የሚሠራው ሪቻርድ ስቶልማን የቀድሞውን ፕሪንተር ፕሮግራም አስተካክሎት ነበር። ወረቀት ሲነክስ ለሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ መልእክት ይደርሳቸዋል፣ አንዱ ተነስቶ ያስለቅቃል። አዲሱም ወረቀት ይነክሳል፤ ሶርስ ኮዱ ግን አልተሰጠም። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ኮዱን የያዘ ባለሙያን ሄዶ ቢጠይቅ «ምስጢር ልጠብቅ ፈርሜያለሁ» ተባለ። ስቶልማን ያን ቀን አልረሳም። በመስከረም 1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ አወጀ። በ1991 ደግሞ በፊንላንድ የ21 ዓመቱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን ከርነል ለሕዝብ አቀረበ። ዛሬ ከሊኑክስ ከርነል ሶርስ ኮድ ከግማሽ በላዩ ድራይቨር ነው። እስቲ አስቡት! አብዛኛው ድካም የሄደው አስተርጓሚ በማሠልጠን ነው።

ኩባንያዎቹም የራሳቸው መከራከሪያ አላቸው። «ድራይቨሩን ከሰጠን ካርዳችን እንዴት እንደሚሠራ ተፎካካሪ ያውቅብናል» ይላሉ። ውሸት አይደለም። ግን ሁሉም እንዲህ አላሰቡም። ፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ በ2006 የግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው ዕቃ) አምራቹን ኤቲአይን ገዛ፣ በ2007 ለኦፕን ሶርስ ሰዎች የካርዶቹን ቴክኒካዊ ሰነድ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ኢንቴልም የግራፊክስ ድራይቨሩን በክፍት ነው የሚሠራው። ሌላው የግራፊክስ ካርድ አምራች ኤንቪዲያ ግን ለረጅም ጊዜ በሩን ዘጋ። በ2012 ቶርቫልድስ ፊንላንድ ውስጥ ሕዝብ ፊት ተቀምጦ ከሠራንባቸው ሁሉ የከፋው ኩባንያ ይሄ ነው አለና ወደ ካሜራው ዞሮ የስድብ ጣቱን አወጣ። ኤንቪዲያ በግንቦት 2022 ከርነል ውስጥ የሚገባውን የድራይቨሩን ክፍል በክፍት ፈቃድ ለቀቀ። በ2018 ከወጡት የቱሪንግ ካርዶች ጀምሮ ላሉት ነው። «አሸነፍን» ያሉ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ «ብዙው ሥራ ካርዱ ውስጥ ወደሚኖር ዝግ ፕሮግራም ተዛውሯል፣ ከከርነል ውጭ ያለው ክፍልም እንደተዘጋ ነው» አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። በሩ ተከፍቷል፣ ሳጥኑ ግን ተቆልፏል።

የጥገና ቤቱ ተማሪ ያላነሳው፣ ባለሙያው ግን ቢያውቀው የሚያነሳው ሌላ ነጥብ አለ። ሊኑክስ ውስጡን በየጊዜው ይቀያይራል። በሁለት ወር ገደማ አዲስ ቅጂ ይወጣል። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ከተካተተ ውስጡን የቀየረው ሰው ድራይቨሩንም አብሮ ያስተካክላል። ውጭ የቀረ ድራይቨር ግን በማሻሻያ ማግስት ሊሰበር ይችላል። ኩባንያዎቹ «የማይቀያየር መግቢያ ስጡን» ይላሉ፣ የከርነሉ ሰዎች «ኮዳችሁን ይዛችሁ ግቡ» ይላሉ። ዊንዶውስ በዚህ በኩል ይሻላል፣ ከዓመታት በፊት የተሠራ ድራይቨር ብዙ ጊዜ እንደሠራ ይቆያል። ይህን የማይቀበል የሊኑክስ ወዳጅ ካጋጠማችሁ ጥገና ቤት አንድ ቀን አብሮኝ ይዋል።

ክፍት የሚባለው ወገንም እርስ በርሱ ይጣላል። ብዙ የዋይፋይ ካርድ ሲነሳ ፈርምዌር የሚባል ትንሽ ዝግ ፕሮግራም ካልተሰጠው አይንቀሳቀስም። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ቤተሰብ ለረጅም ጊዜ ይህን ከመጫኛው ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ለመርህ ብሎ ነው። ውጤቱ ግን አዲስ ሰው ሊኑክስ ይጭናል፣ ዋይፋይ የለም፣ የጎደለውን እንዳያወርድ ኢንተርኔት የለም። በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጡና በሰኔ 2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ አብሮ ገባ። መርህ የነካባቸው ሰዎች አዘኑ። ሐዘናቸው ይገባኛል። ግን ልክ የተወሰነ ይመስለኛል፤ መጀመሪያ ሰው ይግባ፣ ክርክሩ ውስጥ ይቀጥላል።

ለእኔ ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ያልሆነው በአንድ ስካነር ምክንያት ነው። የማውቃቸው ሰው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ይሠራሉ። ስካነራቸውን ማታ ማታ ዳንቴል ያለብሱት ነበር። መስታወቱ ላይ አንድ ጭረት የለም። አዲስ ኮምፒውተር ገዙ፣ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ያለበት። ስካነሩ ዝም አለ። አምራቹ ለዚያ ሞዴል የሠራው ባለ 32 ቢት ድራይቨር ብቻ ነበር፤ ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ ደግሞ እሱን አይቀበልም። ለአዲሱ አልሠራም፣ የመሥራት ሐሳብም የለውም። ሰነዱንም ለማንም አልሰጠም። ሌላ ይግዙ ማለት ነው። ዕቃው ሳይሞት ተቀበረ።

እኛ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫንን። ሊኑክስ ላይ ሴን የሚባል የስካነር ድራይቨሮች ስብስብ አለ። ኩባንያ እምቢ ሲል ፈቃደኞች ዕቃውንና ኮምፒውተሩን እያዳመጡ ቋንቋውን ከውጭ ተምረው ከጻፏቸው ብዙዎቹ እዚያ አሉ። ገመዱን ሰካን። መብራቱ በራ፣ ያ የለመድነው ጉርምርምታ ተሰማ፣ የአንድ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ቀስ እያለ ስክሪኑ ላይ ወጣ። የማላውቀው ሰው በማላውቀው አገር ቁጭ ብሎ የጻፈው ነገር ደሴ ላይ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ አስቀጠለ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ መሀል ሰፋሪ መሆን አልቻልኩም። ድጋፍ ያቋረጠ ኩባንያ ቢያንስ ሰነዱን ትቶ መሄድ አለበት። ሊኑክስም አሮጌ ነገር ይጥላል፣ በታኅሣሥ 2012 የ1985ቱን የ386 ፕሮሰሰር ድጋፍ ከከርነሉ አውጥቷል። ግን ኮዱ የትም አልሄደም፤ የፈለገ ሰው ዛሬም አንስቶ ይሠራበታል።

ነገሩ አሁን ብሷል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይጠይቃል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ባመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ይህ በቀጥታ የድራይቨር ጉዳይ አይደለም፣ ወንድሙ ግን ነው። እዚህ ሱቆቻችን ውስጥ የሚሸጠውን ያገለገለ ላፕቶፕ እያሰባችሁ አንብቡት።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይነሳል። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን ሞክሩ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱና መንቃቱን እዩ። ሻጩ ቅር ካለው ሌላ ሱቅ አለ። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ድራይቨሮቹን ወደ አንድ ፎልደር የሚያወጣበት ትእዛዝ አለውና ባለሙያውን አስወጣልኝ በሉት።

የእናትየው ላፕቶፕ ላይ ይህ አልተደረገም ነበር። ተማሪው ስልኩን አወጣና በዩኤስቢ ገመድ ሰካው፣ ኢንተርኔቱን ከስልኩ አሳለፈለት። ለዚህኛው አስተርጓሚ ዊንዶውስ ውስጥ ቀድሞም አለ። ጥቂት ቆይቶ የዋይፋዩ ድራይቨር ወረደ፣ ቢጫዋ ሦስት ማዕዘን ጠፋች። እናትየው ስክሪኑን አይተው «ገባ?» አሉ። ገባ ተባሉ። «ነገ ደግሞ ጥሎን ቢሄድስ?»

ባለሙያውና ተማሪው ተያዩ። ባለሙያው መሳቢያውን ከፍቶ ትንሽ ፍላሽ አወጣ፣ ድራይቨሮቹን ገለበጠበትና ሰጣቸው። «ይሄን ይያዙ እማማ። ማንም ፎርማት ልሥራ ቢል መጀመሪያ ይሄን ይስጡት።» እሳቸውም የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው ፍላሹን ከገንዘባቸው ጋር ቋጠሩት።