«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች»፦ ጊደሯን ብቻ ለምን እንወቅሳለን?

ይህን ተረት የማያውቅ የለም። ጭምት የነበረ ልጅ ስድብ ሲጀምር ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ነገሩ የተቀዳው ከእረኝነት ኑሮ ነው። ከብትና አህያ አንድ መስክ ላይ ሲግጡ ይውላሉ፤ አህያ ደግሞ ስትሮጥም ስትጫንም ፈሷን አትደብቅም። ጊደሯ ገና ያልወለደች ለጋ ናት። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፣ አብራ መዋሏ ብቻ በቃ።

ቅር የሚለኝ አጠቃቀማችን ነው። ሁልጊዜ ጊደሯን ለመውቀስ እናውለዋለን። ለእኔ ግን ተረቱ የሚያሳየው የውሎን ጉልበት ነው፣ ውሎ ደግሞ ለደግም ይሠራል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የሆነውን እዩ። ሥጋ አጠረና የቤት እመቤቶች ልብና ኩላሊት እንዲያበስሉ ተፈለገ፣ ብዙዎቹ ግን ይጸየፉታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊን ለአንዳንዶቹ ጥሩ ንግግር አዘጋጀላቸው፤ ስለ ቫይታሚኑ ሰሙ፣ የአሠራሩን ወረቀትም ይዘው ሄዱ። ሌሎቹ ግን ክብ ሠርተው «እንደ እኛ ያሉ ሴቶች ይህን ቢሞክሩ ምን ያስቸግራቸዋል?» እያሉ እርስ በርስ ተወያዩ፣ ሲበስል ስለሚሸተው ሽታም ስለ ባሎቻቸው እምቢታም ሳይደብቁ አወሩ፣ በመጨረሻም ለመሞከር የፈቀደች እጅ አወጣች። ንግግሩን ከሰሙት በኋላ ሞክረው የተገኙት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከተወያዩት ግን 32 በመቶ! ምክር ጆሮ ላይ ይቀራል፤ እኩዮችህ ፊት ያወጣኸው እጅ ግን ቤትህ ድረስ ይከተልሃል።

ስለዚህ ልጁ ላይ ስብከት ከማብዛት በፊት ከማን ጋር እንደሚውል ማየት ይሻላል። ከነጓደኞቹ ሰብስቦ ማነጋገር ደግሞ የበለጠ።

ሁሉንም ጓደኛ መለወጥም ግዴታ አይደለም። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰለሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የመስመሮችን ርዝመት እያሳየ ሰዎችን ሲጠይቅ፣ ሌሎቹ ተስማምተው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ተፈታኙ ዓይኑ እያየ ከሦስት አንዱን ጊዜ ያህል አብሯቸው ይሳሳት ነበር። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲናገር ሲደረግ ግን ስሕተቱ ወደ ቀድሞው ሩብ ገደማ ወረደ።