በችርቻሮ ንግድ ጀማሪዎች ዘንድ የሚዘወተሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሱቅ ለመክፈት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቦታው፣ ስለ ኪራዩና ስለ መነሻ ካፒታሉ ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ደንበኛ ሳይጠፋባቸው የሚዘጉ ሱቆች ጥቂት አይደሉም፤ የብዙዎቹ ችግርም የሚጀምረው ከሒሳቡ ነው። ችርቻሮ ማለት ዕቃን ከአምራች ወይም ከጅምላ አከፋፋይ ገዝቶ ለመጨረሻው ተጠቃሚ በትንሽ በትንሹ መሸጥ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት የዕቃ ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው።

“ብዙ ስለምሸጥ አትራፊ ነኝ።”

ሽያጭና ትርፍ የተለያዩ ናቸው። ከሽያጩ ላይ የዕቃው መግዣ ሲቀነስ የሚገኘው ያልተጣራ ትርፍ ይባላል፤ ከዚያም የሱቅ ኪራይ፣ መብራት፣ የማጓጓዣና የጫኝ አውራጅ ወጪ፣ የሠራተኛ ደመወዝ እና ግብር ተቀንሶ የሚተርፈው የተጣራ ትርፍ ነው። ባለሱቁ ከመደርደሪያው አንሥቶ ወደ ቤቱ የሚወስደው ዘይትና ሳሙናም በመዝገብ ካልሰፈረ፣ በወሩ መጨረሻ ገንዘቡ የት እንደገባ ማወቅ አይቻልም።

“80 ብር የገዛሁትን 100 ብር ስሸጥ 25 በመቶ አተርፋለሁ፤ ስለዚህ 25 በመቶ ቅናሽ ባደርግ ቢያንስ አልከስርም።”

ይህ ስሕተት ከሁሉም በላይ ጀማሪዎችን የሚጎዳ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሰውየው ስሌቱን በትክክል እንደሠራ እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚከስረው። በመግዣ ዋጋ ላይ የተጨመረው 20 ብር ከ80 ብር ጋር ሲነጻጸር በእርግጥ 25 በመቶ ነው። የትርፍ ኅዳግ የሚባለው ግን ያንኑ 20 ብር ከመሸጫ ዋጋው፣ ማለትም ከ100 ብር፣ ጋር በማነጻጸር የሚገኝ ሲሆን 20 በመቶ ብቻ ነው። ቅናሽ የሚሰላው ከመሸጫ ዋጋው ላይ በመሆኑ 25 በመቶ ሲቀነስ ዕቃው በ75 ብር ይሸጣል፤ ባለሱቁም በእያንዳንዱ ዕቃ 5 ብር ይከስራል። የትርፍ ኅዳጉ በእርግጥ 25 በመቶ እንዲሆን የሚፈልግ ነጋዴ መግዣውን 80 ብር ለ0.75 አካፍሎ ከ106 ብር ከ65 ሳንቲም በላይ መሸጥ ይኖርበታል።

“በርካሽ የገዛሁትን በርካሽ ብሸጥ የሚጎድልብኝ ነገር የለም።”

ዋጋ በተረጋጋበት ጊዜ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እንዲህ ባለ ወቅት 40 ጀሪካን ዘይት እያንዳንዱን በ1,000 ብር የገዛ ባለሱቅ በ1,100 ብር ቢሸጥ 4,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። አከፋፋዩ ዘንድ ሲመለስ ግን ዋጋው 1,300 ብር ከሆነ፣ በእጁ ያለው 44,000 ብር የሚገዛለት 33 ጀሪካን ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲተመን የተገዛበትን ብቻ ሳይሆን መተኪያ ዋጋውንም ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ ሲባል ዕቃ ደብቆ ዋጋ እስኪንር መጠበቅ ይፈቀዳል ማለት አይደለም፤ ያ በሕግ የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው።

“አትራፊ ዕቃ ማለት ብዙ ብር የሚጨመርበት ዕቃ ነው።”

የዕቃ ዝውውር ፍጥነት እዚህ ላይ ይረሳል። 1,000 ብር ፓስታ ላይ ውሎ በየሳምንቱ እየተሸጠ 50 ብር ቢያስገኝ በወር 200 ብር ይሆናል። ያው 1,000 ብር ብርድ ልብስ ላይ ውሎ ከሦስት ወር በኋላ 300 ብር ቢያስገኝ ደግሞ የወሩ ድርሻ 100 ብር ነው። በዱቤ የሚሸጥ ዕቃም ገንዘቡ እስኪሰበሰብ ድረስ ልክ እንዳልተሸጠ ዕቃ ካፒታል ይይዛል።

“የተጨማሪ እሴት ታክስ የእኔ ወጪ ነው፤ ወይም የእኔ ገቢ ነው።”

ሁለቱም አይደለም። ለታክሱ የተመዘገበ ነጋዴ 15 በመቶውን ከገዢው ሰብስቦ፣ ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት በግዢው የከፈለውን አቻችሎ ቀሪውን ለመንግሥት ያስገባል። ታክሱን ጨምሮ 115 ብር ከሆነው ዋጋ ውስጥ የታክሱ ድርሻ 15 ብር ነው እንጂ የ115 ብር 15 በመቶ የሆነው 17 ብር ከ25 ሳንቲም አይደለም።

“ካልተሰረቅኩ ዕቃ አይጎድልብኝም።”

ሌብነት አንዱ የጉድለት ምንጭ ብቻ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ምርት፣ የአይጥ ጉዳት፣ በርክክብ ጊዜ ያልተቆጠረ ካርቶን እና የሚዛን ስሕተት ሳይታዩ ያልቃሉ። አንድ ኩንታል ስኳር በ10,000 ብር ተገዝቶ በኪሎ 105 ብር ቢሸጥ 500 ብር ያስገኛል። በመስፈር ጊዜ በመፍሰስና “ትንሽ ጨምርልኝ” ላለ ደንበኛ በሚታከለው ጭማሪ 2 ኪሎ ከጎደለ ግን ሽያጩ 10,290 ብር፣ ትርፉም 290 ብር ይሆናል፤ የፌስታሉ ዋጋ ገና አልተቀነሰም።